ነሐስ ትለምዳለች

ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ቁልቁል፣ ከፎቶ ቤቱ ደረጃ ሥር፣
የጋሽ ሙዘይን ሱቅ ነበረች፣ ለአንድ ሰው ከነወንበር፤
ሁለተኛ ደንበኛ ከመጣ፣ ዝናብ ላይ ቆሞ የሚማከር።
ከመስታወቱ ሥር ሰዓቶች፣ ብር መሳዮች፣ ወርቅ የተቀቡ፣
ሁሉም አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ቆመው መንገደኛ የሚስቡ።

አንዷን ከመሳቢያ አወጣት፣ በመነጽር ጨርቅ የጠቀለላትን፤
የድሮውን አሥር ሳንቲም ትመስላለች፣ ገና እጅ ያልበዛበትን፣
የአንበሳው ጎፈር ያልተላጠበትን።

«ነሐስ ናት» አለኝ። ዓይኑ ላይ የሰካትን ማጉሊያ ሳያነሳ፣
እንደተላከ ሽማግሌ አሞገሳት፣ የሌሎቹን ነውር ሳይረሳ፦

«ይሄ የማይዝገው ብረት፣ ጠንካራ ነው፤ አይካድም፤
ግን ሃያ ዓመት ብታስረው፣ ማን እንደሆንክ አያውቅህም።
ወርቁ ቅብ ነው። በሁለተኛው ፋሲካ ጉዱ ይወጣል።
ይቺ ግን ሰው ትለምዳለች። ላብህን ትጠጣለች፣
ታኮርፋለች፣ ትጠቁራለች፣
ከዚያ ወዝ ታወጣለች።
ያንተን ወዝ። በሌላ ሰው እጅ፣ ሌላ ትሆናለች።»

ዕቁብ የወጣልኝ ሳምንት ነበር። ለጣሪያው ያሰብነው ገንዘብ፣ ከፊቱ
አንጓዬ ላይ ታሰረ። ለዘቢደር፣ «ሸለመኝ መሥሪያ ቤቱ»
አልኳት። ነሐስ አትዋሽም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።
ጣሪያው ዛሬም ያፈሳል።

በሳምንቱ ማር መሰለች። በወሩ፣ ያደረ ጠላ።
ማዘጋጃ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መዝገብ ሳገላብጥ ስውል፣
ከመሙያዋ ሥር ይዛ ወጣች የዚያን አቧራ ጥላ።
ሐምሌ ላይ፣ ታክሲ አጥቼ ከአራት ኪሎ በእግሬ ስወርድ፣
ዝናቡ ጎኗን ነቀሳት፣
አረንጓዴ፣ ልክ እንደ አክስቴ አንገት ንቅሳት።
ዘቢደር እጄን ስታይ ጮኸች፦ «ክንድህ ሻገተ እኮ!»
ሳሙና ያስለቅቀዋል አልኳት። እውነትም ያስለቅቃል።

አንድ ቦታ ግን ነበረ፣ በግራ በኩል፣ የጥፍር ስፋት፣
ጨርሶ ያልጠቆረ፤
ወንድሜን ለቀዶ ጥገና ያስገቡት ሌሊት፣ ኮሪደሩ ላይ፣
አውራ ጣቴ እዚያች ጋ ስትመላለስ ነጋ።
ከዚያ ወዲህ ሐሳብ በያዘኝ ቁጥር ጣቴ መንገዱን አትስትም።
(ወንድሜ ደህና ነው። ቃሊቲ ጎማ ይሸጣል።)

ደረጃው ፈረሰ። ፎቶ ቤቱም። የጋሽ ሙዘይን ስልክ አይነሳም፤
አያት አካባቢ አየነው ያሉኝ አሉ፤ ሄጄ አላገኘሁትም።
ወንበሩ በነበረበት አበባ ተተክሎ መብራት ቆሟል፤
ማታ ማታ ወጣቱ ፎቶ ይነሳበታል።

የገና ዋዜማ ዕለት፣ ትንሿ ልጄ ሶስና፣
እናቷ የሻማ ማስቀመጫውን በሎሚና በአመድ ስትፈትግ አየችና፣
ሰዓቴን ከመስኮቱ ደፍ አንስታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣
ለብቻዋ ጓዳ ገባች።
«አባ፣ አጠብኩልህ! ቆሽሻ ነበር!»

አራት ዓመት።
አቧራው፣ ሐምሌው፣ ያ ሌሊት፣
በግማሽ ሎሚ።

አየኋት። ከመሳቢያ የወጣች ቀን እንደነበረችው ናት፤
አታውቀኝም።

«ጎበዝ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?
እኔ ካላሰርኩልህ ብላ ክንዴን ያዘች፤
ቀዳዳውን እየሳተች፣ ምላሷን ወደ ጥግ አውጥታ፣
ሎሚ ያራሰውን ጣቷን ጎኗ ላይ አስደግፋ፣
እንደምንም ቆለፈችው።

በበነጋው ማታ ሳወልቃት፣ ከመብራቱ ሥር ሳያት፣
ከዚያው ከግራ ጎኗ አንድ ጠይም ነቁጥ ብቅ ብሏል፤
እንደ ወንዝ አዙሪት የሚጠማዘዝ ቀጭን መስመር አለው።
አውራ ጣቴን አስጠጋሁበት።
አልገጠመም።
በጣም ትንሽ ነው።